አግድም የተኛው ልጅ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርቦ ከየቤታችን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተወሰዱት ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቀ ዕለት ዊኒፍሬድ ዝይ እየነጨች ነበር። መንደሩ እንዳለ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ከፊሉ እያለቀሰ ከፊሉ እያጨበጨበ፣ ሰውየውን በትልቁ ግድግዳ ላይ ያያል። እሷ ቤቷ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ቀሚሷ ላባ በላባ ሆኖ፣ ሥራዋን ትሠራለች። የልጅ ልጇ ዴላ ናት እየሮጠች መጥታ የቤቱን ቴሌቪዥን የከፈተችባት።

«ኩኩም! ስሚ እንጂ፣ ይቅርታ እየጠየቁን እኮ ነው!»

ኩኩም በእኛ በክሪዎች፣ በሰሜኑ ጫካ ነባር ሕዝቦች፣ አፍ አያት ማለት ነው፤ ዊኒፍሬድን ካረጀች ወዲህ የወለደችውም ያልወለደችውም እንዲሁ ነው የሚጠራት። ቀና አለችና ሰውየውን ከከረባቱ እስከ ፀጉሩ አየችው።

«አምብሮዝ የት እንዳለ ተናገረ?»

«እሱማ… እንደዛ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ኩኩም።»

«እንግዲያው ይቅርታውን ራሱ ይብላው። አጥፊልኝ!»

ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ሰው ልበ ደንዳና ናት ብሎ አማት። ልበ ደንዳና! እኔ ግን እላለሁ፣ መንደሩ ውስጥ ያን ቀን መጠየቅ ያለበትን ነገር የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረች።

ዊኒፍሬድና ታናሽ ወንድሟ አምብሮዝ የተወለዱት ጫካ ውስጥ፣ አባታቸው ቢቨር የሚባለውን ባለ ፀጉር የወንዝ እንስሳ በሚያጠምድበት ወንዝ ዳር ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል በውኃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን መጣ። ፖሊስና የመንግሥት ሹም ወረዱና ለአባታቸው «ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታስረክባለህ ወይስ እስር ቤት ትገባለህ?» አሉት። እሱ ቢታሰር ክረምቱን ሚስቱን ማን ያበላታል? ድብ ፊት ለፊት ቆሞ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ልጆቹን በገዛ እጁ አንስቶ አውሮፕላኑ ውስጥ አስቀመጠ። እናታቸው ውኃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስትጮህ ሞተሩ ጩኸቷን ዋጠው።

ድንቄም ትምህርት ቤት! ሚሲዮኖቹ ትምህርት ቤት ይበሉት እንጂ እኛ የምናውቀው የአሳማ ጋጣና የልብስ ማጠቢያ ነው። ሴቶቹ ልጆች ወለል ይፈትጋሉ፣ አንሶላ ያጥባሉ፣ የትራፊ ምግብ ሳህን እየጠረጉ ለአሳማ ይደፋሉ። ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ድንች ይቆፍራሉ። በእናቷ ቋንቋ የተናገረች ልጅ አፏ በልብስ ሳሙና ይታጠባል። ወንድና ሴት ደግሞ አይገናኝም፤ እህትና ወንድም ቢሆንም አይገናኝም። ዊኒፍሬድ አምብሮዝን የምታየው ጸሎት ቤት ውስጥ በመተላለፊያው ማዶ፣ ከወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። አንድ ቀን እጇን አንስታ ሰላም ብትለው ጣቶቿን በማስመሪያ ቀጠቀጧቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በቅንድብ መነጋገር ለመዱ፤ እሱ አንዱን ቅንድቡን ሲያነሳ እሷ መሳቅ ያምራትና ከንፈሯን ትነክሳለች።

በኋላ አምብሮዝ ማሳል ጀመረ። መተላለፊያውን ተሻግሮ ይሰማት ነበር ሳሉ። አንድ ማለዳ ጠፋ። ዓይኗን ወንበሩ ላይ ብታንከራትት ክፍት ቦታ እንኳ አጣች፤ ልጆቹ ተጠጋግተው ሞልተውታል። ከጸሎት በኋላ ወደ መነኩሲቷ ሄዳ ጠየቀች።

«ወንድሜስ?»

«ጌታ ወስዶታል።»

«የት?»

«ጠያቂ መሆን ኃጢአት ነው። ባልዲሽን አንሺ!»

በቃ፤ ይኸው ነው። የሞት መርዶ በባልዲ ተዘጋ። እናትና አባቱ ደግሞ ጫካ ናቸው፣ መልእክት የሚልክላቸው ማን ነው? ክረምቱን ሙሉ ለእሱ ጫማ ሲሰፉ ከረሙ። በጋ ሲመጣ አውሮፕላኑ ሐይቁ ላይ አረፈ። ዊኒፍሬድ ወረደች። አባቷ ከጀርባዋ ሌላ ልጅ እስኪወርድ ሲጠብቅ አብራሪው በሩን ዘጋው። እሷ መሬት መሬቱን ስታይ እናቷ ገባት፣ ጫማውን ደረቷ ላይ ለጥፋ እዚያው ተቀመጠች። ይህን መራራ መልእክት እንድታደርስ የተላከችው እንግዲህ ራሷም ገና ልጅ የነበረችው እህቱ ናት። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?

አባቷ በዚያ ዓመት መልሶ አልሰጣትም። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቡን ጭኖ ጫካ ገባ፤ ከፈለጉ ያስሩኝ አለ። ውኃው በረዶ ሊሠራ ሲል የዓመቱን የመጀመሪያ ቢቨር ያዘ። እናቷ ቀቀለችው፣ ስቡ ፊታቸው ላይ እስኪያበራ በሉ። ዊኒፍሬድ ሥራ ልትረዳ ብላ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ እጇ እንደለመደው ትራፊውን ጠራርጋ፣ አጥንቱን አጠራቅማ፣ ወጥታ ለውሾቹ ደፋችላቸው።

እኛ ዘንድ የቢቨር አጥንት ለውሻ አይሰጥም። ራሱን ለምግብ የሰጠህን እንስሳ አጥንቱን ወደ መጣበት ውኃ ትመልሳለህ፤ ያላከበርከው እንስሳ ዳግመኛ ወጥመድህ አይገባም። ይህን የማያውቅ የክሪ ልጅ አልነበረም። እሷም ከመወሰዷ በፊት ታውቀው ነበር፣ የአሳማው ባልዲ አስረስቷት ነው እንጂ።

አባቷ የውሾቹን ጠብ ሰምቶ ወጣ። አልጮኸባትም። ከውሾቹ መሃል ገብቶ አጥንቱን ከአፋቸው ነጠቀ፣ አንዱ እጁን ነከሰው፣ እሱ ግን ተንበርክኮ እያንዳንዷን ስባሪ ከጭቃው ለቀመ። እጁ እየደማ ወንዙ ዳር ሄዶ ውኃው ውስጥ አስገባቸው። ሲመለስ ፊቷ ቆመ።

«ለእንስሳው እንኳ እንዲህ እናደርጋለን። ልጄን የት ነው የጣሉት?»

ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ አልጠየቃትም፤ ግን በየዓመቱ አጥንት ውኃ ውስጥ ባስገባ ቁጥር ዘወር ብሎ ያያት ነበር። ኋላም አርጅቶ፣ ታሞ፣ ሳይነገረው ሞተ። የዊኒፍሬድ ዕድሜ እንግዲህ እንዲህ ነው ያለቀው፤ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ የልጅ ልጅ አሳደገች፣ ዓሣ ስታደርቅና ቆዳ ስትፍቅ ኖረች፣ ሆዷ ውስጥ ግን ያ ጥያቄ እንደ ፍም ተቀምጧል። አምብሮዝን አግኝታ ከአባቱ ጎን ሳታሳርፈው ላለመሞት ምላለች። ቄስ ሊጎበኛት ቢመጣ መጀመሪያ እሱን ትጠይቀዋለች፣ አላውቅም ካላት ሻይ የለም።

ማታ ማታ ሻይ ከሷ ጋር የሚጠጣው ጎረቤቷ ፊንያስ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። እሱም እዚያው ትምህርት ቤት ነበር፣ ከአምብሮዝ ከፍ ይል ነበር። ኋላ ደግሞ የዊኒፍሬድ አባት ሲደክም ወጥመዱን አብሮት ያጠምድ የነበረ እሱ ነው፤ እንደ ልጅ ነበር የሚያየው አባቷ።

«ይኼ ሻይ ነው ወይስ የዓሣ እጣቢ?» ይላታል።

«ለጥርስ አልባ ሰው ምኑ ይለያል? ጠጣ ዝም ብለህ።»

ሲነታረኩ ያመሻሉ። ወሬው ወደ አምብሮዝ ሲዞር ግን ፊንያስ «ምድጃዬን ልየው፣ እንዳይጠፋብኝ» ብሎ ይነሳል። እሷም የትምህርት ቤቱ ነገር ያመዋል፣ ማን አያመውም ብላ አትይዘውም።

ከይቅርታው በኋላ ዓመታት አልፈው ትምህርት ቤቱ የነበረበትን መሬት ሊመረምሩ መጡ። ሕንፃው ከፈረሰ ቆይቷል። መሬት ውስጥ ያለውን የሚያሳይ፣ እንደ ሕፃን ጋሪ የሚገፋ ማሽን አለ አሉ። ማሽኑን የምትገፋው ልጅና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ሰውዬ ውጤቱን ለእኛ ሊነግሩ አዳራሽ ጠሩን። ማንም አልቀረም። ዊኒፍሬድ ፊት ወንበር ላይ፣ ፊንያስ በሩ ጋ።

ልጅቷ ካርታውን ግድግዳው ላይ አሳየች። ጥቋቁር ነጠብጣቦች በመስመር በመስመር ተሰድረዋል፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ መቃብር ናት። ሁሉም ሕፃናት በሚሲዮኖቹ ሥርዓት፣ ራስ ወደ ምዕራብ እግር ወደ ምሥራቅ ተደርገው ነው የተቀበሩት አለች። ሰውየው ቀጠለ። ቦታው ይታጠራል፣ የሁሉም ስም የተጻፈበት ሐውልት ይቆማል፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ለጎብኚ መኪና ማቆሚያ የሚሆን ጠጠር ይፈሳል፣ ገልባጮቹ በዚህ ሳምንት ይገባሉ አለ።

ዊኒፍሬድ ተነሳች።

«ከነዚህ ወንድሜ የትኛው ነው?»

«እመቤቴ፣ ማን የት እንዳለ መለየት አይቻልም። ግን ሁሉም በአንድ ላይ ይከበራሉ።»

«በአንድ ላይ?» አለች። «እናቴ የወለደችው ለብቻው ነው! በአንድ ላይ ያሰለፋችኋቸው፣ በአንድ ላይ ፀጉራቸውን የላጫችኋቸው፣ በአንድ ላይ የቀበራችኋቸው አንሶ አሁንም በአንድ ላይ? ያች ከመኪና ማቆሚያው በታች ብቻዋን ያለችውስ ምንድን ናት?»

ልጅቷ ካርታውን አየች። «እሷ አቅጣጫዋ የተለየ ነው፤ አግድም ናት፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን። የድሮ ውኃ ቧንቧ ቦይ ሳትሆን አትቀርም ብለን…»

«ቧንቧ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ፊንያስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«ቧንቧ አይደለም። እኔ ነኝ የቆፈርኩት። አምብሮዝ ነው እዚያ ያለው።»

እንዲህ ሆነ ነገሩ። ክረምት ነው፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አዛዡ ሚሲዮን ፊንያስን ከወንዶቹ ለይቶ ጠራው፤ በረዶውን እንዲያቀልጥ እሳት አስነደደው፣ ገመድ ዘርግቶ መስመሩን አሳየው፣ አካፋ ሰጠው፣ ከዚያ ራሱ ብርዱን ፈርቶ እሳት ሊሞቅ ገባ። ልጁ ብቻውን ቀረ፤ እሱና በአንሶላ የተጠቀለለው አምብሮዝ። ያውቀዋል፣ የመንደሩ ልጅ ነው። የቢቨር አጥንት እንኳ ወደ መጣበት ይመለስ የለም እንዴ? ይሄን ወዴት ነው የምመልሰው ብሎ አሰበ። ገመዱን ትቶ፣ ወንዙ በሚወርድበት፣ ወደ እኛ ወደ ሰሜን አዙሮ ቆፈረ፤ እግሩን ወደ ሰሜን አደረገው፣ የተነሳ ቀን ፊቱ ወደ ቤቱ እንዲሆን። አዛዡ ሲመለስ አፈሩ ተመልሷል። በፈረስ ጠፍር ገረፈው። ትንፍሽ ብትል ከጎኑ ትተኛለህ አለው።

አዳራሹ ውስጥ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ዊኒፍሬድ አላለቀሰችም። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ፊቱ ደረሰች።

«ከአባቴ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ተቀምጠሃል።»

«አዎ።»

«ሲያጣጥር እጁን ይዘህ ነበር።»

«አዎ፣ ዊኒ።»

«አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትነግረው ዐርፎ አይሞትም ነበር?»

«ምን ብዬ? ልጅህን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ ልበለው? እንደ ልጁ አድርጎ እየያዘኝ?»

«ነውረኛ!» አለችውና ወጥታ ሄደች።

ክረምቱን ሙሉ በሯን ዘጋችበት። እሱም አላንኳኳም። ገልባጮቹ ቆሙ፤ ግን መሬቱን ለማስከፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላውን ይጠብቃል። ልጁን ሲወስዱ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፣ ለመመለስ ሲሆን ግን ወረቀቱ አያልቅም! ዊኒፍሬድ ዴላን አስከትላ ወደ ደቡብ ወረደች፤ በየቢሮው መጠበቂያ ወንበር ላይ ስንቋን ይዛ፣ የደረቀ ዓሣዋን እየበላች፣ ሽታው ሕንፃውን እስኪያዳርስ ተቀመጠች። ነገ ይምጡ ሲሏት «ዛሬም አልሄድኩም» ትላቸዋለች። ሰለቻቸውና ፈረሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዴላ መኪናውን እየነዳች ደፈር አለች።

«ኩኩም፣ አትቆጪኝና… ፊንያስ እኮ ልጅ ነበር።»

«መች ጠፋኝ! እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ!» አለች ዊኒፍሬድ። «አካፋውን ለልጅ የሰጡት ለምን ይመስልሻል? ትልቅ ሰው ቢቆፍር ያወራል። ልጅ ግን ያፍራል፣ ያፈረ ደግሞ እድሜ ልኩን አፉን ይዘጋል። ገዳዮቹ በሰላም ተኝተው ሲያድሩ፣ እኔና እሱ በአንድ ጠረጴዛ ሻይ እየጠጣን ሳንተያይ አረጀን። እነሱ ይህንን ሠርተው ነው የሄዱት። ጣታቸው ይሰበር!»

ዴላ ነዳጁን ረግጣ ወደ ሰሜን ነዳች።

መሬቱ ሲለሰልስ ቆፋሪዎቹ መጡ። ድንኳን ተከሉ፣ አፈሩን በትንንሽ መጥረጊያ እየገፉ ወረዱ። ዊኒፍሬድ ከጉድጓዱ አጠገብ ወንበር አስደርጋ ተቀመጠች። ፊንያስ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከዛፎቹ ሥር ቆሟል፤ ቀኑን ሙሉ አንድ እርምጃ አልቀረበም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ማሽን የምትገፋው ልጅ ከጉድጓዱ ወጥታ ጓንቷን አወለቀች።

«እማማ ዊኒፍሬድ፣ እዚህ አለ። እግሮቹ ወደ ሰሜን ናቸው።»

ሙያተኞቹ አጥንቱን በሥርዓት አንስተው፣ በትንሽ የእንጨት ሣጥን አኖሩት፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ሣጥኑን እስከ መኪናው የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ጠራ።

«ተዉት» አለች። «ፊንያስ! እዚያ እንደ ጉቶ ተገትረህ ምን ታያለህ? ና!»

ሽማግሌው ጉልበቱን እየጎተተ መጣ። ፊቷ ሲደርስ ዓይኑን ማንሳት አቃተው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ያኔ ስታወርደው ከብዶህ ነበር?»

ፊንያስ ሣጥኑን አየ።

«ኧረ ቀላል ነበር፣ ዊኒ። እኔም ትንሽ ነበርኩ እኮ፣ ግን ብቻዬን ቻልኩት። አንሶላው ብቻ ነበር የሚመስለው።»

ዓይኗን ጨፈነች። አምብሮዝ ከቤት ሲወሰድ እናቱ አዝላው ሁለት እርምጃ ሳትሄድ «ይሄ ድብ ወገቤን ሰበረው» እያለች የምታወርደው ድንቡሼ ልጅ ነበር።

«አስርበውታል» አለች። «ሳሉ አይደለም። አሳማውን እያበላን እኛን አስራቡን።»

ሰውዬው ወረቀቱን እንደያዘ ወደ መሬት አየ። ፊንያስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ።

«ዊኒ… ይቅር ትይኛለሽ?»

«አሁን እሱን አትጠይቀኝ። አንተን ተቆጥቼ ገና አልጨረስኩም። እነሱንማ እስክሞትም አልጨርስም። ይልቅ ያንን ሣጥን ያዝ፤ ያስገባኸው አንተ ነህ፣ አንተ ታወጣዋለህ። በሁለት እጅህ ያዘው!»

ያዘው። ሰውዬው የሚፈረም ነገር አለ ብሎ ሊያስቆማቸው ቢል ዊኒፍሬድ አልፋው ሄደች። ሣሩ እርጥብ ስለነበር ፊንያስ እንዳይንሸራተት ክንዱን ደግፋ፣ መኪናው ጋ ሲደርሱ በሩን ከፈተችለት።